የሻውሊን ጉባኤ በጎጃም

በጎጃም ደጋ፥ ይልቁንም በቀድሞ ስሟ መንቆረር ትባል በነበረችው በደብረ ማርቆስና በአካባቢዋ፥ ስላለፈው ዘመን ሊጽፍ የሚነሣ ሰው ብዙውን ጊዜ ብዕሩን የሚያነሣው ስለ ንጉሥ ተክለ ሃይማኖት ግቢ፥ ስለ ራስ ኃይሉ ብልጽግና፥ ስለ ዐርበኞች ተጋድሎና ስለ ቅኔው ጉባኤ ነው፤ ይህም የተገባና የተመሰገነ ሥራ ነው። እኔ ዛሬ የምጽፈው ግን ከእነዚህ ሁሉ ይልቅ ለዘመናችን ስለሚቀርብ አንድ ልማድ ነው፤ ይኸውም በደርግ ዘመን መጨረሻ ግድም ተጀምሮ፥ ከ1983 ዓ.ም. የመንግሥት ለውጥ በኋላ በየሰፈሩ የተስፋፋው፥ ሕፃኑም ጐልማሳውም በቪዲዮ ቤት ተሰብስቦ በሆንግ ኮንግ የተሠሩትን የቀድሞዎቹን የኩንግ ፉ ፊልሞች የሚመለከትበት ልማድ ነው። ሕዝቡ ጃፓኑንም ቻይናውንም ሳይለይ ሁሉን በአንድነት የካራቴ ፊልም ይለው ነበር፤ ዋናውን ተዋናይ ደግሞ አክተሩ ይለዋል።

እነዚህ ፊልሞች በአገራችን የተወደዱት ድብድብ ስላለባቸው ብቻ ነው የሚሉ ብዙ ሰዎች አሉ፤ እኔ ግን ከልጅነቴ ጀምሮ የእነዚህ ፊልሞች ወዳጅ እንደ መሆኔ በዚህ አሳብ አልስማማም። ድብድብማ ጣሊያኖች በሠሯቸው የካውቦይ ፊልሞችም፥ በሕንዶቹም ፊልሞች ሞልቶ ነበር፤ የጎጃም ልጅ ግን በተለየ ፍቅር ልቡን የሰጠው፥ ቤቱን ትቶ መምህር ፍለጋ ስለሚወጣው፥ በመምህሩ ደጅ ስለሚጠናው፥ ውሃ ቀድቶ እንጨት ሰብሮ፥ ተገሥጾና ተርቦ ጥበብን ስለሚቀበለው ደቀ መዝሙር ለሚተርኩት ታሪኮች ነው። ይህን ታሪክ ከፊልሙ በፊት ያውቀው ነበርና።

ሲኒማ ወደ ኢትዮጵያ የገባው በዐፄ ምኒልክ ዘመን እንደ ሆነ፥ በአዲስ አበባ የተከፈተውንም የመጀመሪያውን ሲኒማ ቤት ሕዝቡ ሰይጣን ቤት ብሎ እንደ ሰየመው የታወቀ ነው፤ በጨርቅ ላይ የሚሄድና የሚስቅ፥ ነገር ግን ሥጋና ደም የሌለው ሰው ማየት ለዚያ ዘመን ሰው የምትሐት ሥራ መስሎ ቢታየው አይፈረድበትም። ከጣሊያን ወረራ ዘመን ጀምሮ በዋና ከተማው ሲኒማ ቤቶች ተበራክተው፥ በኋላም ሲኒማ ኢትዮጵያ፥ ሲኒማ ኢምፓየር፥ ሲኒማ አምባሳደርና በመርካቶ አቅጣጫ ያለው ሲኒማ ራስ የከተማው ወጣት መዋያና ማምሻ ሲሆኑ፥ የጠቅላይ ግዛቱ ሰው ግን ፊልም የሚያየው ወደ አዲስ አበባ በወረደ ጊዜ ነበር። ስለዚህ ለጎጃም አውራጃዎች ሕዝብ ፊልም በሰፊው የደረሰው በትልቁ ጨርቅ ሳይሆን በትንሹ ሣጥን ነው፤ ይህም ነገር እንዴት እንዳየናቸውና ምን እንደ ቀረብን የሚወስን ሆኗል፤ ወደ ኋላ እመለስበታለሁ።

ፊልሞቹ በተወለዱበት አገር የነበራቸው ታሪክ ሊታወቅ ይገባል። በሻንግሃይ የፊልም ሥራ የጀመሩት የሻው ወንድማማቾች ንግዳቸውን በሲንጋፖርና በማላያ ካስፋፉ በኋላ፥ ከእነርሱ ታናሹ ራን ራን ሻው ወደ ሆንግ ኮንግ መጥቶ፥ እ.ኤ.አ. በ1961 በባሕር ዳርቻ ኮረብታ ላይ አንድ ታላቅ የፊልም መንደር መሠረተ፤ በዚያም መንደር የጥንቱ ከተማ ቅጥርና ገዳም፥ የመጠጥ ቤትና የቤተ መንግሥት አደባባይ እንደ እውነተኛ ተሠርቶ፥ ተዋንያኑና ሠራተኞቹ በአንድነት ይኖሩበት ነበር። ከዚያ አስቀድሞ ከ1949 ጀምሮ ክዋን ታክ ሂንግ የተባለው ተዋናይ ዎንግ ፌ ሁንግ ስለተባለው የካንቶን ሐኪምና የጡጫ መምህር በተሠሩ ከሰባ በላይ ፊልሞች ውስጥ ተጫውቶ፥ መልካም መምህር ማለት ምን እንደ ሆነ ለአንድ ትውልድ አስተምሮ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1966 እና በ1967 ኪንግ ሁና ቻንግ ቼህ የተባሉት ሁለት ታላላቅ ዲሬክተሮች ሰይፈኛውን ፊልም ወደ ከፍተኛ ደረጃ አደረሱት፤ የመጀመሪያው ቼንግ ፔ ፔ የተባለችውን የውዝዋዜ ተማሪ ሰይፍ አስይዞ የወንድ ሽፍቶችን እንድታርበደብድ ሲያደርግ፥ ሁለተኛው ደግሞ ቀኝ እጁ የተቈረጠ ሰይፈኛ በግማሽ ከተቃጠለ መጽሐፍ በግራ እጁ ጥበብን እንዴት እንደ ተማረ አሳየ። እ.ኤ.አ. በ1970 ጂሚ ዋንግ ዩ ራሱ መርቶ ራሱ በተጫወተበት ፊልም ሰይፉ ተጥሎ ባዶ እጅ በቦታው ገባ፤ በዚያው ዓመት ሬይመንድ ቾው ከሻው ቤት ወጥቶ ጎልደን ሃርቨስት የተባለውን ድርጅት አቋቋመ፤ ኋላም ብሩስ ሊን ወደ ሆንግ ኮንግ አስመጣ።

እዚህ ላይ ለእኛ የሚገርም አንድ የዘመን መገጣጠም አለ። ግርማዊ ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ከቻይና ሕዝባዊ ሪፐብሊክ ጋር ወዳጅነት ከመሠረቱ በኋላ ቤጂንግን የጐበኙትና ከሊቀ መንበር ማኦ ጋር የተገናኙት እ.ኤ.አ. በጥቅምት ወር 1971 ነበር፤ የብሩስ ሊ የመጀመሪያው ታላቅ ፊልም፥ በታይላንድ አገር የተሠራውና ለእናቱ እንዳይጣላ ቃል ስለገባ አንድ ወዛደር የሚናገረው፥ በሆንግ ኮንግ ለሕዝብ የታየውም በዚያው ወር ነው። መንግሥታት በታላቅ ሥነ ሥርዓት እጅ ሲጨባበጡ፥ ከዚያ ይልቅ ወደ ሕዝቡ ዘልቆ የሚገባው ትውውቅ ያለ አምባሳደር በሌላ በር ጉዞውን ጀምሮ ነበር ማለት ነው።

ወደ ጎጃም የመጣበትም መንገድ የነጋዴ መንገድ ነው። የቪዲዮ ካሴት በዓለም ላይ ከተስፋፋ በኋላ፥ ካሴቱ በመርካቶ እየተገለበጠ፥ የተገለበጠውም ዳግመኛ እየተገለበጠ፥ በአውቶቡስ ጣራና በሹፌር መቀመጫ ሥር ሆኖ የዓባይን በረሃ ወርዶና ወጥቶ፥ በደጀን በኩል ደብረ ማርቆስ ይደርስ ነበር፤ ከዚያም ወደ ብቸና፥ ወደ ሞጣ፥ ወደ ፍኖተ ሰላምና ወደ ቡሬ ይተላለፋል። አንዱ ካሴት ከአንዱ ቤት ወደ ሌላው እየተዋሰ ብዙ ጊዜ ስለሚታይ ሥዕሉ በረዶ እንደ ወረደበት ይሆን ነበር፤ ቢሆንም አንድም ሰው ስለዚህ ሲያጉረመርም አልሰማሁም።

ቪዲዮ ቤቱ ጭቃ ግድግዳና ቆርቆሮ ጣራ ያለው፥ መስኮቱ በማዳበሪያ ከረጢት የተጋረደ፥ ከባሕር ዛፍ የተመቱ አግዳሚ ወንበሮች የተደረደሩበት ክፍል ነው፤ በፊት ለፊቱ ቴሌቪዥኑና ዴኩ በከፍታ ተቀምጠው፥ ባለቤቱ እንደ ዕቃ ቤት ሹም በአጠገባቸው ቆሞ ይጠብቃቸዋል። በደጁ ላይ የዕለቱ ፊልሞች ስም በጠመኔ የተጻፈበት ሰሌዳ ይቆማል፤ ከበሩም በላይ የተሰቀለው ድምፅ ማጉያ የጡጫውንና የጩኸቱን ድምፅ እስከ መንገዱ ማዶ ስለሚያሰማ፥ የመግቢያ ሳንቲም ያጣው ልጅ ከውጭ ተቀምጦ ፊልሙን በጆሮው ይጨርሰው ነበር። በገበያ ቀን እህሉን ሽጦ የጨረሰ የገጠር ሰው ዱላውን በጕልበቶቹ መካከል አቁሞ ከልጆቹ ጋር ተጋፍቶ ይቀመጣል፤ መብራት ሲጠፋም ልጁ ገንዘቤን መልስ እያለ ሲጮኽ እርሱ በትዕግሥት ይጠብቃል። የፊልሙ ንግግር በእንግሊዝኛ የተተረጐመ ነበርና፥ የሚሰማው ጥቂት ሰው ነው፤ ከፊት የተቀመጠ አንድ የሁለተኛ ደረጃ ተማሪ የገባውን ያህል እየተረጐመ፥ ያልገባውን ከልቡ እየጨመረ ያስረዳል፤ ይህም ሸክም አልሆነብንም፤ የእነዚህ ፊልሞች ትረካ በአካል የተጻፈ ስለ ሆነ ቋንቋ የማይሰማውም ሰው ያነበዋል።

ከሁሉ በላይ የማስቀምጠው ፊልም እ.ኤ.አ. በ1978 ላው ካር ሌውንግ የመራው፥ ጎርደን ሊዩ የተጫወተበት፥ ስለ ሠላሳ ስድስተኛው የሻውሊን ክፍል የሚተርከው ነው። ታሪኩን ላላዩት ባጭሩ ልንገር። በማንቹ ገዥዎች መምህሩና ወዳጆቹ የተገደሉበት አንድ የካንቶን ተማሪ ቈስሎ ሸሽቶ በምግብ ጋሪ ውስጥ ተሸሽጎ ወደ ሻውሊን ገዳም ይገባል፤ መነኰሳቱም ራርተው ያስጠጉታል፤ ነገር ግን ወዲያውኑ ጡጫ አያስተምሩትም። ዓመት ሙሉ ሲያገለግል ከኖረ በኋላ ጥበቡን መማር እንደሚፈልግ ሲገልጽ፥ ከሠላሳ አምስቱ ክፍሎች ከየትኛው መጀመር እንደሚሻ ይጠይቁታል፤ እርሱም በወጣትነት ድፍረት ከላይኛው እጀምራለሁ ይላል። ወደ ላይኛው ክፍል ሲገባ ግን ያገኘው ጦርና ሰይፍ ሳይሆን ቅዱስ መጽሐፋቸውን የሚደግሙ ሽማግሌ መነኰሳትን ነው፤ አንዱ ሽማግሌ ሳይነካው በኃይለ መንፈስ ወርውሮ ያስወጣዋል። ከዚህ በኋላ ወደ ታችኛው ክፍል ወርዶ፥ በውሃ ላይ በተንሳፈፈ የእንጨት እስር ላይ ተራምዶ ወደ ምግብ ቤት መሻገርን፥ በብብቱ ግራና ቀኝ ቢላዋ ታስሮ እጁን ሳያጥፍ ውሃ መሸከምን፥ ረጅም እጀታ ባለው ከባድ መዶሻ ደወል መምታትን ይማራል። ተመልካቹ ጠላትን ለረጅም ሰዓት አያይም፤ የሚያየው ሰው ሲማር ነው።

ይህን የሚመለከት የጎጃም ሰው ምን ያስታውስ ነበር? ዲማ ጊዮርጊስን፥ ደብረ ኤልያስን፥ ደብረ ወርቅን፥ ዋሸራንና ጎንጅን ማሰብ ይበቃል። የቅኔ ተማሪ ደበሎውን ለብሶ፥ አኩፋዳውን አንግቶ፥ ዱላውን ይዞ፥ ከእናቱ ቤት ወጥቶ ወደማያውቀው አገር ይሄዳል፤ በእንተ ስማ ለማርያም እያለ ከየደጁ ቍራሽ ይለምናል፤ ከውሻ ጋር ይታገላል፤ በራሱ እጅ በሠራት ጎጆ ያድራል፤ ለየኔታ ውሃ ይቀዳል፥ እንጨት ይለቅማል። ትምህርቱም በደረጃ ነው፤ በሁለት ቤት ከምትፈጸመው ከጉባኤ ቃና ተነሥቶ በዘአምላኪየና በሚበዝኁ፥ በዋዜማና በሥላሴ አልፎ፥ ስምንት ቤት ወዳለው ወደ መወድስ ይደርሳል፤ ግሱን ሳይገስስና ጉባኤ ቃናውን ሳይቆጥር መወድስ ልዝረፍ የሚል ተማሪ ቢገኝ፥ በላይኛው የሻውሊን ክፍል በዚያ ወጣት ላይ የደረሰው ይደርስበታል፤ ጕልበት ሳያርፍበት ነገሩ ራሱ ወርውሮ ያወጣዋል። በየማለዳው መምህሩ ቅኔውን ነግሮ ተማሪዎቹ ወደየዛፉ ጥላ ሲበተኑና፥ ሲመሽም ያገኙትን ይዘው ለእርማት ሲመለሱ ላየ ሰው፥ በዚያ የቻይና ገዳም ውስጥ ያለው ሥርዐት ባዕድ ሆኖ አይታየውም። ሐዲስ ዓለማየሁ በፍቅር እስከ መቃብር ውስጥ በዛብህን ከማንኩሳ አስነሥቶ ወደ ዲማ የላከበት መንገድ የዚህ አገር ልጅ ሁሉ የሚያውቀው መንገድ ነው፤ የሻውሊኑም ተማሪ በእኛ ዐይን በዚያው መንገድ ላይ የሚሄድ አንድ ሌላ መንገደኛ ነበር።

ገዳሙም ራሱ ለእኛ ግልጽ ነበር። ራሳቸውን የተላጩትን ሰዎች መነኰሳት፥ አለቃቸውን አበምኔት ብለን እንጠራቸው ነበር፤ የቡድሃ ሃይማኖት ምን እንደሚያስተምር የሚያውቅ በመካከላችን ባይኖርም፥ ሥጋ አለመብላታቸውን፥ ለታላቅ መታዘዛቸውን፥ ከዓለም መለየታቸውን ያለ አስተርጓሚ ተረድተነዋል። እንዲያውም አንዳንድ ሽማግሌ ጣዖት የሚያመልኩ ሰዎች ይህን ያህል ከጾሙ እኛማ ምን ይጠበቅብናል ብለው በአንክሮ ሲናገሩ እንሰማ ነበር።

የፊልሙ ፍጻሜ ደግሞ ከሁሉ ይልቅ የሚያሳስበኝ ነው። ያ ተማሪ ሠላሳ አምስቱን ክፍሎች ከፈጸመ በኋላ፥ በገዳሙ ውስጥ የፈለገውን ክፍል እንዲያስተዳድር ሹመት ሲሰጠው፥ የለም፥ ለተራው ሕዝብ የሚያስተምር አንድ ሠላሳ ስድስተኛ ክፍል ይጨመርልኝ ብሎ ይጠይቃል። አበምኔቱ በቃል ይቀጣዋል፤ በምሥጢር ግን ወደ ዓለም ይልከዋል። ጥበብን በቅጥር ውስጥ ስለ ማቆየትና ወደ ሕዝብ ስለ ማውጣት ያለውን የቆየ ክርክር ከዚህ ይልቅ አጥብቆ ያቀረበ ፊልም አላየሁም፤ በአብነት ትምህርት ቤቶቻችን ዙሪያም ያው ጥያቄ እስከ ዛሬ እንደ ተነሣ ነው።

ዲሬክተሩ ይህን ሁሉ እንዲህ አሳምሮ ሊያሳይ የቻለው በመጽሐፍ አንብቦ ስላልሆነ ነው። ላው ካር ሌውንግ የተማረው ከአባቱ ከላው ቻም ነው፤ ላው ቻም የተማረው ከላም ሳይ ዊንግ፥ ላም ሳይ ዊንግም ከዎንግ ፌ ሁንግ ከራሱ ነው። አባትየው በእነዚያ በጥንቶቹ የዎንግ ፌ ሁንግ ፊልሞች ውስጥ የገዛ መምህሩን የላም ሳይ ዊንግን ገጸ ባሕርይ ይጫወት ነበር። የቅኔ ሊቅ እገሌ ከእገሌ ተማረ፥ እገሌም ከእገሌ እያለ የመምህራኑን ሐረግ እንደሚቈጥር ሁሉ፥ ይህም ሰው የሚሠራው ፊልም የሐረጉ ቆጠራ ነው፤ ስለዚህ በእርሱ ሥራ ውስጥ መምህር የሚሣቅበት ሰው ሆኖ አይታይም።

ለዱላ ወዳዱ ለጎጃም ሰው ግን ከዚህ ዲሬክተር ፊልሞች ሁሉ የሚስማማው እ.ኤ.አ. በ1984 የወጣው ስለ ያንግ ቤተ ሰብ የሚተርከው ይመስለኛል። አባቱና ወንድሞቹ በክህደት የተፈጁበት አምስተኛው ልጅ፥ የጦሩን ስለት ቈርጦ ጥሎ በዘንጉ ብቻ ቀርቶ ወደ ገዳም ይገባል፤ አበምኔቱ ቍጣህ ገና አልበረደም ብሎ ሊያመነኵሰው ባይፈቅድ እርሱ ራሱ ጠጕሩን ይላጫል። መነኰሳቱ በእንጨት በተቀረጹ ተኵላዎች ላይ ይለማመዳሉ፤ ትምህርታቸውም የተኵላውን ጥርስ አርግፎ መስደድ እንጂ መግደል አይገባም የሚል ነው። ዱላ እንዴት እንደሚመከት፥ እንዴት እንደሚሰነዘር ከእረኝነቱ ጀምሮ የሚያውቅ ሕዝብ ይህን ፊልም ሲመለከት ዳኛ ሆኖ ይመለከታል፤ ይህ እውነተኛ ምት ነው፥ ይህ የማስመሰል ነው እያለ ይፈርዳል። አሌክሳንደር ፉ ሼንግ የተባለው ወጣት ተዋናይ ይህ ፊልም ገና ሲሠራ በመኪና አደጋ ስለ ሞተ የታሪኩ ሚዛን ወደ ጎርደን ሊዩ ማዘንበሉ ግልጽ ሆኖ ይታያል፤ ሐዘኑ ወደ ፊልሙ ውስጥ የገባ ይመስለኛል።

ስለ ብሩስ ሊ ሳልናገር ባልፍ ማንም አይምረኝም። እ.ኤ.አ. በ1940 በሳን ፍራንሲስኮ ተወልዶ፥ ሐምሌ 20 ቀን 1973 ገና በ32 ዓመቱ በሆንግ ኮንግ የሞተው ይህ ሰው፥ በቪዲዮ ቤቶቻችን ዘመን ከሞተ ብዙ ዓመት ያለፈው ቢሆንም፥ ሞተ አልሞተም የሚለው ክርክር በልጆች መካከል እንደ አዲስ ወሬ ይካሄድ ነበር። እኔ ከፊልሞቹ ሁሉ አብልጬ የምወደው በአሜሪካ ገንዘብ ተሠርቶ ከሞተ በኋላ ዓለምን የዞረውን ሳይሆን፥ እ.ኤ.አ. በ1972 የወጣውንና በጃፓኖች ስለ ተዋረደች ሻንግሃይ የሚናገረውን ነው። ቼን ዠን የተባለው ተማሪ መምህሩ ሁዎ ዩዋንጂያ በሚቀበርበት ቀን ደርሶ፥ በዝናብ ውስጥ ወደ መቃብሩ ዘልሎ በሬሳ ሣጥኑ ላይ ወድቆ ሲያለቅስ፥ የጎጃም ለቀስተኛ ያንን ሐዘን አይቶት ያድጋል፤ ደረት እየተመታ ሙሾ ሲወርድ ያየ ሰው በዚያ ቦታ ላይ አይሥቅም። ጃፓኖቹ የእስያ በሽተኞች የሚል ሰሌዳ አምጥተው በሐዘኑ ቤት ሲያስቀምጡ፥ እርሱም ሰሌዳውን ተሸክሞ ወደ ቤታቸው ሲመልስላቸው፥ በአትክልቱም ስፍራ በር ውሻና ቻይናዊ አይገባም የሚለውን ጽሑፍ በእግሩ ሰባብሮ ሲጥለው፥ የቪዲዮ ቤቱ ጩኸት ከድምፅ ማጉያው ይበልጥ ነበር።

ለዚህ ምክንያት አለው። በላይ ዘለቀ የተዋጋበት አገር ነው፤ ደብረ ማርቆስ በ1933 ዓ.ም. ነጻ እስክትወጣ ድረስ በጣሊያን የጦር ሠፈር ሥር የነበረች ከተማ ናት፤ የዐርበኛ ልጅና የልጅ ልጅ በየቤቱ አለ። በወራሪ ፊት መዋረድ ምን ማለት እንደ ሆነ ለማስረዳት ለዚህ ሕዝብ የሻንግሃይን ታሪክ መተረክ አያስፈልግም። በመጨረሻው ላይ ቼን ዠን በተደገነው ጠመንጃ ላይ ሲዘልልና ሥዕሉ በአየር ላይ ሲቆም፥ እንደ ፈረንጁ አነጋገር ሥዕሉ ቆመ እንጂ አሟሟቱ አልታየም፤ እኛ ግን የፉከራ አገር ሰዎች እንደ መሆናችን፥ ጀግና ሲሞት ሳይሆን ሲዘልል መታሰብ እንደሚገባው ያለ ክርክር ተቀብለነዋል። ብሩስ ሊ ራሱ በመራው በሌላው ፊልም፥ በሮማ ኮሎሲየም ውስጥ ቸክ ኖሪስን ከገደለ በኋላ የጠላቱን ልብስና ቀበቶ አምጥቶ በሬሳው ላይ ያለብሳል፤ የወደቀን ጠላት ማክበር የጨዋ ወግ ነውና ሽማግሌዎቹ ይህን ቦታ ሲያዩ ራሳቸውን ይነቀንቁ ነበር።

ጃኪ ቻንን በተመለከተ፥ ልጆች ሁሉ ከማንም አስበልጠው እንደሚወዱት አውቃለሁ፤ እኔም የማከብረው ስለ ሥራው ነው። ከልጅነቱ ጀምሮ ዐሥር ዓመት በአንድ ጥብቅ መምህር ቤት፥ በቤጂንግ ኦፔራ ትምህርት ቤት፥ እየተገረፈ ተምሯል፤ ሳሞ ሁንግና ዩን ቢያዎም በዚያው ቤት አብረውት አድገዋል። ከሥራዎቹ መካከል ግን ዩን ዉ ፒንግ እ.ኤ.አ. በ1978 የመራውን፥ የዲሬክተሩ የገዛ አባት ለማኙን መምህር ሆኖ የሚጫወትበትን የሰካራሙን መምህር ፊልም አስቀድማለሁ፤ ምክንያቱም ሣቁ በትምህርቱ ላይ የተመሠረተ ነው። ተማሪው ቍልቍል ተሰቅሎ በትንንሽ ፍንጃል ውሃ እየቀዳ ከላይ ያለውን ማድጋ ሲሞላ ሥቃዩ ያሥቃል፤ ሆኖም ሆዱ እንዴት እንደ ጠነከረ ዐይናችን ያያል። የኋለኞቹ ፊልሞቹ ከጣራ ወደ ጣራ መዝለሉን አበዙት፤ ድፍረቱ ቢጨምርም መምህሩ ጠፋ፥ መምህሩ ሲጠፋም ለእኔ ትልቁ ነገር ጠፋ። ሳሞ ሁንግ እ.ኤ.አ. በ1981 የሠራው ደግሞ ከብዙ ሰው ዐይን ያመለጠ ድንቅ ሥራ ነው፤ አንድ የባለጸጋ ልጅ አባቱ በሥውር ለተጋጣሚዎቹ ገንዘብ እየከፈለ ሁልጊዜ እንዲያሸንፍ ሲያደርግለት ኖሮ፥ አንድ ቀን ከማይገዛ የኦፔራ ተዋናይ ጋር ተገናኝቶ ምንም እንደማያውቅ ይገለጥለታል፤ ከዚያ በኋላ የሚያደርገው ነገር ቤቱን ትቶ ያንኑ ሰው መምህሬ ሁን ብሎ መከተል ነው። ልጆቻቸውን በገንዘብ ብቻ ለሚያሳድጉ ወላጆች ባሳየው የምወደው ፊልም ይህ ነው።

ወላጆችና የቤተ ክርስቲያን አባቶች ቪዲዮ ቤቱን በመልካም ዐይን አያዩትም ነበር፤ ለዚህም በቂ ምክንያት ነበራቸው። ተማሪው ከክፍሉ ይጠፋል፤ የደብተር መግዣ ይበላል፤ ከፊልሙ ሲወጣ ያየውን ሊሞክር ሲል የባልንጀራው ጥርስ ይረግፋል፤ ሲመሽም ለልጆች የማይገባ ሌላ ዐይነት ፊልም የሚያሳዩ ቤቶች ተገኝተው፥ ቀበሌ ቤቶችን እየዘጋ መሣሪያ የወረሰበት ጊዜ ነበር። ይህን ሁሉ አልክድም። ሆኖም ሁሉን በአንድ ጆንያ አጭቆ ማውገዝ፥ አስቀድሞ ሰይጣን ቤት ያለውን ስሜት በአዲስ ቤት ላይ መድገም ነበር፤ መጽሐፍ ባልነበረበት ቤት ውስጥ ስለ ትዕግሥት፥ ስለ መታዘዝና ስለ ልፋት ዋጋ በየሳምንቱ የሚሰበክ ነገር ከዚያ በቀር አልነበረምና።

ካሴቱ በሲዲ፥ ሲዲውም በዲቪዲ ተተካ፤ ከዚያም ሳህኑ ተተክሎ የእንግሊዝ እግር ኳስ ሲመጣ አግዳሚ ወንበሮቹ ለኳስ ተመልካች ዋሉ፤ በመጨረሻም ስልኩ ለእያንዳንዱ ልጅ የራሱን ቪዲዮ ቤት በኪሱ አስገባለት። በፊልሙም በኩል የሻው ቤት በ1980ዎቹ አጋማሽ እ.ኤ.አ. ወደ ቴሌቪዥን ፊቱን አዙሮ የፊልም ሥራውን አቆመ፤ ከዚያ በኋላ ሽቦው ተዋናዩን ማንሳት፥ የኮምፒውተሩም ጥበብ የሰውን ልፋት መተካት ጀመረ። ጄት ሊ እ.ኤ.አ. በ1982 በቻይና ምድር በተሠራው የሻውሊን ፊልም የታየው በእውነተኛ ችሎታው ነበር፤ ከዐሥር ዓመት በኋላ በሽቦ እየበረረ ሲታይ ግን ውበቱን ባደንቅም፥ እንዴት ተማረው ብዬ አልጠይቅም፤ የሚበር ሰው አይማርምና። ይህ የእኔ ፍርድ ነው፤ በዚህ የማይስማሙ ወዳጆች አሉኝ።

ልማዱ የተወው ፍሬም አለ። በእነዚያ ዓመታት በትምህርት ቤት ግቢና በወጣት ማእከል የተቋቋሙት የካራቴ፥ የቴኳንዶና የዉሹ ማሠልጠኛዎች የመጀመሪያ ተማሪዎቻቸውን ያገኙት ከቪዲዮ ቤቱ በር ነው፤ በአገር አቀፍ ደረጃም ያ ፍቅር አድጎ፥ ሰለሞን ቱፋ በቶኪዮ ኦሊምፒክ በቴኳንዶ ኢትዮጵያን ወክሎ ለመጀመሪያ ጊዜ እስከ መወዳደር ደርሷል።

አሁን ወደ ኋላ እመለስበታለሁ ወዳልሁት ነገር ልምጣ። የሻው ፊልሞች የተቀረጹት ለሰፊ ጨርቅ ነው፤ ስፋቱ ከቁመቱ ከሁለት እጥፍ በላይ ነው። ወደ ካሴት ሲገለበጡ ግን በቴሌቪዥኑ ጠባብ መስኮት እንዲገቡ ግራና ቀኛቸው ተቈርጦ ነበር፤ ስለዚህ እኛ በአግዳሚው ላይ ተቀምጠን ያየነው ብዙ ጊዜ የግጥሚያውን እኩሌታ ነው፤ የሚሰነዘረው እጅ ይታያል፥ የሚመክተው ሰው ግን ከመስኮቱ ውጭ ቀርቷል። በ2000 እ.ኤ.አ. ሰለስቲያል የተባለ ድርጅት የሻውን መዝገብ ገዝቶ፥ ከ700 በላይ ፊልሞችን ከነሙሉ ስፋታቸው አጽድቶ ለዓለም አቅርቧል። እነዚህን ቅጂዎች ሲመለከቱ መጀመሪያ የሚገለጠው ላው ካር ሌውንግ የሁለቱንም ተጋጣሚዎች አካል ከራስ እስከ እግር እንደሚያሳይ፥ ሥዕሉንም ሳይቈርጥ ብዙ ምቶች በተከታታይ እንዲያልፉ እንደሚተው ነው፤ የእግሩ አቋቋም ከእጁ ጋር እንዴት እንደሚስማማ፥ ማን የማንን ምት አስቀድሞ እንደሚያውቅ የሚታየው በዚህ ብቻ ነው። በደብረ ማርቆስ ሰፊ አዳራሽ ያላቸው ትምህርት ቤቶችና ዩኒቨርሲቲ ስላሉ፥ ፈቃዱን ሊያገኝ የሚችል አንድ ማኅበር ቢነሣ፥ ሠላሳ ስድስተኛውን ክፍልና የያንግን ቤተ ሰብ ፊልም በትልቅ ጨርቅ ላይ፥ ከቅኔ ቤት የወጣ ሰው ባዘጋጀው አማርኛ ትርጉም ማሳየት ይቻላል፤ በዚያም ቀን ቪዲዮ ቤት ያስተዳድሩ የነበሩት ሰዎች ተጠርተው ካሴቱን ከማን እንደ ገዙ፥ ስንት ጊዜ እንዳሳዩት፥ የትኛው ፊልም ደጃቸውን እንዳስጨነቀ በቃላቸው ቢናገሩና ቢመዘገብ፥ የዚህ ልማድ ታሪክ ከእኔ ይልቅ በባለቤቶቹ አንደበት ይጻፋል።